ነፋሱን ከስሼው ነበር

አዳማ የኖረ ሰው ነፋሷን ያውቃል። መስከረም ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ይጀምራል። የሱቁን ሸራ ያንገላታል፣ ደረሰኝ ይበትናል፣ አቧራውን አንስቶ ዓይን ውስጥ ይሞጅራል። ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን ነጫጭ ተርባይኖች አይታችኋቸው ይሆናል። አዳማ አንድና አዳማ ሁለት ተደምረው 136 ናቸው፤ የማመንጨት አቅማቸው 204 ሜጋ ዋት ነው። እንግዲህ 136 ተርባይን የሚያዞር ነፋስ የእኔን አንድ ራስ ቢያዞር ምን ይገርማል?

ሦስት ዓመት ያህል ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ ይኼው ነበር። ራሴን ያመኛል። ከምን የተነሣ? ከነፋሱ ነዋ።

እናቴ የራሷ ተከሳሽ ነበራት፤ ምች። «ላብሽ ሳይደርቅ ትወጫለሽ፤ መች ትሰሚኛለሽ?» እያለች ዳማ ከሴ በመዳፏ አሽታ ግንባሬን ትቀባኛለች። የምሠራበት የሕንፃ መሣሪያ መደብር ባለቤት፣ ጋሼ፣ የሚጠረጥሩት የኮምፒውተሩን ብርሃን ነው። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዓይን ነው» ይላሉ። ሰፈሩ ሁሉ አንዳንድ ምክንያት አዋጣልኝ። ሐኪም ዘንድ ግን አልሄድኩም። እኛ ቤት ራስ ምታት ሥራ አስፈቅዶ ካርድ የሚያስወጣ በሽታ ሆኖ አያውቅማ።

መድኃኒቴ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች። ከደረሰኙ ጥራዝና ከማኅተሙ ጎን። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ራስ ምታትን የሚመዘግበውን የስልክ አፕ የጫነልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ እራት እየበላን፣ «አንቺ ሁልጊዜ ያመኛል ትያለሽ፤ ሁልጊዜ ማለት ስንት ቀን ነው?» አለኝ። ተናደድኩ። ያመመው ሰው ቀን ይቆጥራል እንዴ? ግን መልስ አልነበረኝም። በሳምንት ሁለቴ? አራቴ? ሥራዬ ሒሳብ ነው። የመደብሩን ሚስማር በኪሎ፣ ቆርቆሮውን በቁጥር አውቃለሁ። የገዛ ሕመሜን ግን በግምት ነው የያዝኩት።

አፑ የሰው ራስ ሥዕል ያወጣል፤ የሚያማችሁን ቦታ በጣት ትነካላችሁ። መቼ ጀመረ፣ መቼ ለቀቀ፣ ምን ዋጣችሁ፣ ስንት ሰዓት ተኛችሁ፣ ምን በላችሁ ይላል። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ለኩት ይላል። እዚህ ላይ ተቸገርኩ። 10 ማለት ምንድን ነው? እናቴን ጠየቅኳት።

«10 ምጥ ነው» አለች፣ ሽንኩርቷን መክተፍ ሳታቆም።

እኔ አልወለድኩም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ከ7 አላለፍኩም። ለምጥ ቦታ እየተውኩ።

ምግቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ እንጀራ የለም። ሽሮ የለም። አቮካዶ የተቀባ ዳቦ ግን አለ። «ዳቦ» የሚለውን እየነካሁ ሰነበትኩ። በአፑ ዓይን በቀን ሦስቴ ዳቦ የምበላ ሰው ነኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ቁርስ ዘለልሽ እያለ ያስጠነቅቀኝ ጀመር። 55 ቀን ሙሉ!

ከሁሉ የከበደኝ ግን የፊቶቹ ነገር ነው። ማታ ማታ አምስት ፊት ይደረድራል፤ ከሚስቀው እስከሚያለቅሰው። ዛሬ የትኛው ነሽ? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መለስ ብዬ ሳይ ሁሉም ቀን መሐለኛው ፊት ነው። አሥራ አራት መሐለኛ ፊት። ለካ ለስልኩም ሰላምታ ነበር የምመልሰው። እኛ እንዴት ነሽ ስንባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። አባቱን የቀበረ ሰው እንኳ ለቅሶው ላይ እንዴት ነህ ሲሉት መጀመሪያ ያመሰግናል፣ ከዚያ ነው የሚያለቅሰው። እኔም ለአፑ ይሉኝታ ያዘኝ። ስልክ ይታዘበኝ ይመስል።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ ከፍራንኮ ባጃጅ ያዝኩ። መንገድ ላይ ያለምንም ምክንያት እንባዬ መጣ። ማንም አልተናገረኝ፣ ምንም አልጎደለብኝ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና ምንም ሳይል ሙዚቃውን ቀነሰው። ስወርድ መልሱን ሳልቆጥር ተቀበልኩ። ቤት ስገባ ስልኩ ጠየቀኝ። ጣቴ በልማድ ወደ መሐሉ ሄደች። እዚያው አየር ላይ ቆመች። ከዚያ ወደሚያለቅሰው በኩል ሄጄ ሁለተኛውን ክፉ ፊት ነካሁ።

ሲነኩት ዝርዝር ያመጣል። ማዘን፣ መጨነቅ፣ መናደድ፣ መሰልቸት። ከነዚህ አንዱም የኔ አልነበረም። ሆዴን ባር ባር ብሎት ነበር። ይኼ ሐዘን አይደለም፤ የሞተብኝ የለም። ጭንቀት አይደለም፤ የምፈራው ነገር የለም። ሁሉም ወጥቶ ሲመሽ አንድ ሰው ብቻውን ቤት ሲቀር የሚመጣ ነገር ነው። እና ማስታወሻ በሚለው ቦታ ላይ በአማርኛ «ባር ባር» ብዬ ጻፍኩ።

ስለ ቃል ካነሣሁ አይቀር፣ «ደበረኝ» የሚለውን እዩት። ወንድሜ ዳታ ሲያልቅበት ደበረኝ ይላል። ጓደኛው ሲቀርበትም ደበረኝ ነው። በሐኪሞች አፍ ድብርት የሚባለው ደግሞ ሰውን ከአልጋ የሚያስቀር፣ ሕክምና የሚፈልግ በሽታ ነው። እህትማማች ቃላት ናቸው፤ ማዶ ለማዶ ግን ነው የሚኖሩት። አንድ ሰው ደብሮኛል ሲላችሁ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። «አይዞህ፣ ያልፋል» ብዬ ነው የማልፈው።

ወንድሜ አንድ ቀን ፎቶ ሊልክልኝ ስልኬን ይዞ ፊቶቹን አያቸው። «ሐሙስ ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። ሐሞቴ ፈሰሰ። ማስታወሻ ደብተሬን ያነበበብኝ ያህል ነው የተሰማኝ። የይለፍ ቃሉን ያኔውኑ ቀየርኩ። እሱ ተዘጋበት፤ የአፑ ባለቤቶችስ? ፍሎ የተባለው የወር አበባ መከታተያ አፕ የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ፌስቡክንና ጉግልን ለመሳሰሉ ኩባንያዎች አሳልፏል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር የስምምነት ውል ውስጥ ገብቷል። በእኛም ሀገር በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ የጤና መረጃንም ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። አዋጅ መኖሩ ጥሩ ነው። እኔ ግን ለጊዜው በአፑ ላይ ያለውን ስሜን «ሚስማር» ብዬ ቀየርኩት። የልደት ቀኔንም ዋሸሁ። ዕድሜዬን በአምስት ዓመት የቀነስኩት ለጥንቃቄ ብቻ ነው።

መጋቢት ላይ ሕመሙ ሥራ ከለከለኝ። ካርድ አወጣሁ። ክሊኒኩ ወረፋው ረጅም ነበር። ከፊቴ የነበሩት አባት ለነርሷ «መታን ነ ዹኩበ» አሏት። እኔ ቀጥዬ «ራሴን ያመኛል» አልኩ። በኦሮምኛም በአማርኛም ሕመም በሰው ላይ የሚመጣ ነገር ነው። ሰውየው ምንም አላደረገም። ይኼን ያኔ አላሰብኩትም፤ በኋላ ነው የመጣልኝ።

ዶክተሩ ወጣት ነው። ስልኬን ስሰጠው ደስ አለው፤ ብዙ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚመጣው አለኝ። ግራፉን ወደ ላይ ወደ ታች ገፋ ገፋ አደረገ። ፊቱ ተለወጠ።

«ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚቀሰቅስሽ?»

«ኧረ የለም። እንቅልፌስ ደህና ነው።»

«እዚህ ላይ ግን ስድስት፣ ሰባት ጊዜ ሌሊት ነው የሚለው። ያስመልስሻል? ዓይንሽ ብዥ ይላል?»

ጉሮሮዬ ደረቀ። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ራስ ምታት ሐኪሞች በጥንቃቄ የሚያዩት ምልክት ነው፤ እሱም አልቀለደም። ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። 2:00 ይላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት! ሥራ ስገባ፣ መደብሩን ስንከፍት። እኔ በኛ አቆጣጠር ሁለት ብዬ ስጽፍ፣ አፑ በፈረንጅ ቆጥሮ እኩለ ሌሊት አሳልፎታል። ለሦስት ወር ያህል የሞላሁት ሰዓት ሁሉ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ተንሸራቷል። ዶክተሩ ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን እጄ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር።

«በይ አሁን የዋጥሽውን አሳዪኝ» አለኝ።

ያ ገጽ ላይ ገብቼ አላውቅም ነበር። ስውጥ እነካለሁ፣ እዘጋለሁ፣ በቃ። በፈረንጆቹ የካቲት፣ በ28 ቀን ውስጥ፣ ያመመኝ 19 ቀን ነው። ክኒን የዋጥኩበት 17 ቀን። ቁጥሩን ደግሜ ቆጠርኩት። ጥፋት የተገኘበት የሒሳብ ሠራተኛ እንደሚያደርገው፣ ሦስተኛም ቆጠርኩት። 17 ነው።

ያኔ ነው የነገረኝ። ራስ ምታት የሚያስታግሰው ክኒን ሲደጋገም ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። እነ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ሁለት ሦስት መድኃኒት የተቀላቀለባቸው ክኒኖች ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ላለፈ ጊዜ ሲወሰዱ ነገሩ ይጠረጠራል። መነሻሽ ማይግሬን የሚባለው፣ ተመላልሶ የሚነሣ ከባድ ራስ ምታት ነው፤ በላዩ ላይ ይኼ ተደርቦበታል አለኝ። የሚያመኝ ስለምውጥ፣ የምውጠው ስለሚያመኝ።

መሳቢያዬ ታየችኝ። ከማኅተሙ ጎን፣ ግማሹ የተፈለፈለ የክኒን ወረቀት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መደብሩን ስከፍት የመጀመሪያ ሥራዬ እሷን መክፈት ነበር። አንዳንዴ ሳያመኝም እውጣለሁ፤ እንዳያመኝ። አሥር ፍሬ ስገዛ ፋርማሲው ምንም አይጠይቀኝም፣ እኔም ምንም አልነገርኩትም።

ነፋሱስ? ነፋሱንም መዝግቤው ነበር። በራሴ ፈቃድ «ነፋስ» የሚል ምልክት ጨምሬ፣ ማስረጃ ልሰበስብበት። ያን ወር ነፋስ የበረታው 12 ቀን ነው፤ ከነሱ 7ቱን አሞኛል። ነፋስ ካልነበረባቸው 16 ቀናት ግን 12ቱን አሞኛል። የአንድ ወር ቁጥር ነው፤ ብዙ አያስወራም። ተከሳሹን ለማሰር ግን አይበቃም።

ዶክተሩ በዚያ አላበቃም። አንድ ወረቀት አወጣና ስለ ድብርት ዘጠኝ ጥያቄ ጠየቀኝ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገር ሁሉ አላስደስት ብሎሽ ነበር? እንቅልፍ? ምግብ? ድካም? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነው፣ ሲደመር ከ27። የመጨረሻው ስለ ሞት ማሰብ ነው። ድምፁን ሳይቀይር ጠየቀኝ፤ እንደ እንቅልፉ፣ እንደ ምግቡ። ደስ አለኝ በዚያ መንገድ መጠየቁ። «የለም» አልኩ፤ እውነቴን ነው። ድምሩ 11 መጣ። ከ10 ጀምሮ ጠጋ ብለን እናያለን አለኝ።

«ባር ባር» የሚለውን ማስታወሻዬን አሳየሁት። ዘጠኝ ጊዜ ተጽፏል። ሰባቱ ራሴን ባመመኝ ቀን ማታ ወይም በማግስቱ ነው። ማይግሬንና ድብርት አብረው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው አለኝ፤ የትኛው የትኛውን እየጎተተ እንደሆነ የሚታየው ክኒኑ ሲቆም ነው። የማስታገሻ ክኒኑን ከለከለኝ። ቀጠሮ ሰጠኝ።

የኔ ዓይነቱን በአንዴ ማቆም ይቻላል፤ ያለ ሐኪም በድንገት የማይቆሙ ሌሎች ክኒኖች ግን አሉና ለሰው እንዳታዢ ብሎ አስጠንቅቆኛል። መጀመሪያ እንደሚብስም ነግሮኝ ነበር። መስማትና ማየት ለየቅል ነው። ክኒኑን ለጋሼ አስረከብኩ። «ምን ላድርገው?» አሉኝ። «ብለምንዎትም እንዳይሰጡኝ» አልኳቸው። በሁለተኛው ቀን ለመንኳቸው። ጋሼ ዝም ብለው ሚስማር ይመዝኑ ነበር። በአራተኛው ቀን ሥራ አልሄድኩም። መስኮቱ ላይ ጋቢ ሰቅዬ፣ ፊቴን ትራስ ውስጥ ቀብሬ፣ ስልኩን በአንድ ዓይኔ አይቼ 9 ጻፍኩ። ለምጥ የቀረው አንድ ብቻ ነው። እናቴ ዳማ ከሴዋን ይዛ መጣች። ዝም ብዬ ተቀባሁ። ሽታው ደስ ይላል።

በዘጠነኛው ቀን ማታ እራቴን በላሁ። ሳህኑን ሳጥብ ነው ያስታወስኩት፤ አላመመኝም።

ሚያዝያ ላይ 8 ቀን፣ ግንቦት ላይ 6 ቀን አመመኝ። ሲቀንስ ጊዜ የተረፉት ቀናት ቅርጽ አወጡ፤ አብዛኞቹ ከወር አበባዬ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ነው የሚመጡት። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያኔ ስለሚወርድ ነው አለኝ ዶክተሩ። ከ19ኙ መሐል ይኼ መች ይታያል? ዘጠኙን ጥያቄ ሲደግምልኝ ድምሩ 6 ሆነ። ባር ባሩ ግን ጨርሶ አልሄደም። አሁንም እሑድ ማታ ይመጣል። የኔ ነው መሰለኝ።

አፑን ጻድቅ አላደርገውም። ግንቦት ላይ በትልቅ ፊደል «ቡና በጠጣሽባቸው ቀናት ራስ ምታትሽ ያንሳል» ብሎ አበሰረኝ። እናቴ ሰምታ «እኔ ምን አልኩ!» ብላ ረከቦቱን አቀረበች። ነገሩ ግን የተገለበጠ ነው። ሲያመኝ ቡና ሲቆላ ሽታው አያስቀምጠኝም፤ ጓሮ ነው የምወጣው። ቡና ስላልጠጣሁ አልነበረም ያመመኝ፤ ስላመመኝ ነው ያልጠጣሁት። አፑ አብረው የዋሉትን ሁሉ ዘመድ ያደርጋል። ደግሞ ሙሉ በሙሉ ውሸትም አይደለም። ቡና የለመደ ሰው ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ሊያመው ይችላል። በጾሙ የመጀመሪያዋን ስኒ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነበር የምቀምሰው። ግራፉ ይኼን ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቆ አንድ ዓረፍተ ነገር አደረገው።

ሌላም አለ። በቀን ሦስቴ ይንዘረዘራል። «አሁን ምን ይሰማሻል?» አንድ ቀን ረፋድ ላይ ለደንበኛ ቀለም እየጻፍኩ ነበር፤ ምንም አላመመኝም። ስልኩ ጠየቀኝ። ግንባሬን ነካ አደረግኩ። ግራውን ዳበስኩ። ቀኙን ዳበስኩ። ፈልጌ ፈልጌ አንዲት ጥግ ላይ አገኘሁት። 2 ብዬ ጻፍኩ። ደንበኛው ደረሰኙን እየጠበቀ ነው።

ያን ቀን ማንቂያውን ዘጋሁት። ሐምሌ ላይ አፑንም አጠፋሁት። አሁን መሳቢያዬ ውስጥ፣ ክኒኑ የነበረበት ቦታ፣ በኛ ቀን አቆጣጠር የተሠራ ትንሽ የኪስ ካሌንደር አለ፤ ጳጉሜን የማይበላ። ላመመኝ ቀን ኤክስ፣ ለዋጥኩበት ክብ፣ ለባር ባር «ባ»። ማታ ሒሳብ ስዘጋ አንድ ጊዜ አያለሁ። ባለፈው ወር አምስት ኤክስ፣ ሁለት ክብ፣ ሦስት «ባ» ነበር። ክቧ ዶክተሩ ከፈቀደልኝ ልክ አላለፈችም።

ባለፈው ሳምንት አዲሷ ካሸራችን ግንባሯን ይዛ መጣች። ነፋሱ ያን ቀን የበሩን ሸራ ሊቀድደው ነበር።

«እትዬ፣ የራስ ምታት ክኒን ይኖርሻል? ይኼ የአዳማ ነፋስ ሊገድለኝ ነው።»

ለሷ እትዬ ሆኛለሁ፤ እሱን ለጊዜው እንተወው። ከቦርሳዬ አንዷን አወጣሁላት።

«በዚህ ወር ስንተኛሽ ናት?»

«እንዴ!» አለች፣ ውኃውን እየቀዳች። «እሱን ደግሞ ማን ይቆጥራል?»